የወላጅ ፊርማ

ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ካርዴን የምትፈርምልኝ ታላቅ እህቴ ነበረች። አባታችን ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ነው የሚገባው፤ እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። «የወላጅ ፊርማ» የሚለው መስመር ባዶውን ከተመለሰ ደግሞ የክፍል ኃላፊው ካርዱን አይቀበልም። ስለዚህ እህቴ እንጀራ ጋግራ እንደጨረሰች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ካርዱን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ የአባታችንን ስም ጠምዘዝ አድርጋ ትጽፍልኛለች። ከስድስት ልጆች እሷ የመጀመሪያዋ፣ እኔ አራተኛው ነን። «ወላጅ አምጣ» ስባልም የምትመጣው እሷ ናት፤ ነጠላዋን እንደ ትልቅ ሴት አጣፍታ። ያኔ ዕድሜዋ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው።

የቤተሰብ ብዛትና ትምህርት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጅ ከበዛ ትምህርት ይጎዳል» ይላል። ወዲያው ደግሞ ሌላው ይመጣል፤ «ልጅ በዕድሉ ያድጋል»። አራስ ጥየቃ ሄዶ ይህን ሳይል የሚወጣ የለም፤ አምስተኛ ልጅ የተወለደበት ቤት ከሆነማ ገንፎው ሳይቀርብ ይባላል። ሁለቱም አባባሎች ከፊል እውነት አላቸው። ሁለቱም የሚዘነጉት ነገር አለ፤ በአንድ ጣራ ሥር ስድስት ልጆች ሲያድጉ ዕድሉ ለስድስት እኩል አይከፈልም። አንዱ የሌላውን ድርሻ ይከፍላል። የትኛው ልጅ ከፋይ እንደሚሆን የሚወስነው ደግሞ ቤቱ የማን ቤት እንደሆነ ነው።

ከቁጥሩ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ አንዲት ኢትዮጵያዊት በዕድሜዋ የምትወልዳቸው ልጆች በአማካይ 4.6 ነበሩ። ገጠር 5.2፣ ከተማ 2.3። አዲስ አበባ 1.8 ሲሆን ሶማሌ ክልል 7.2 ነበር፤ በአንድ አገር ውስጥ የሁለት ዓለም ልዩነት ማለት ነው። ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡት ሴቶች 5.7፣ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ የተማሩት 1.9። በሀብት ከታች ያሉት ቤተሰቦች 6.4፣ ከላይ ያሉት 2.6።

እንግዲህ ከነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ብዛቱን ከድህነቱ፣ ድህነቱንም ካለመማሩ መለየት የሚችል ይሞክር። ጠላ ከተጠነሰሰ በኋላ ጌሾውን ከብቅሉ ለዩ እንደማለት ነው። ሰባት ልጅ ያለው ቤት ባብዛኛው የገጠር ቤት ነው፤ እናትየዋ አልተማረችም፤ ትምህርት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መሬቱ ጠባብ ነው። የዚያ ቤት ልጅ አምስተኛ ክፍል ላይ ቢቀር ጥፋተኛው የወንድሞቹ ብዛት ነው ብሎ ለመፍረድ ማስረጃው አይበቃም። ሌሎቹ ተጠርጣሪዎችም እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል።

በብዛቱ ላይ ክሱን በመጀመሪያ በሥርዓት ያቀረበው የቺካጎው ኢኮኖሚስት ጋሪ ቤከር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከዚያም በ1973 ከግሬግ ሉዊስ ጋር በጻፋቸው ጽሑፎች፣ ወላጅ በልጆቹ ቁጥርና በእያንዳንዱ ልጅ ላይ በሚያወጣው መካከል ይመርጣል አለ፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይወደዳል። በ1992 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው የቤተሰብን ነገር ወደ ኢኮኖሚክስ ማምጣቱ ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዋ ጁዲት ብሌክ ደግሞ በ1989 ባሳተመችው መጽሐፍ ሐሳቡን ለቤት እመቤት በሚገባ መንገድ አስቀመጠችው፤ የወላጅ አቅም ይቀጥናል አለች። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውሃ እንደሚጨመረው ማለት ነው። ሁሉም ያጠቅሳል፤ ወጡ ግን ያው ወጥ አይደለም።

ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ወጥ አይደለም። የኩራዝ ብርሃን ለአንድ ልጅ ቢበራ ለአራት ያው ነው። አንዴ የተገዛ መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪወልቅ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል። አባት ማታ የሚያወራውን አንዱ ሲሰማ ሌላው አይቀንስበትም። የሚቀጥነው ሌላ ነው፤ ደብተር፣ ጫማ፣ ቁርስ፣ የእናት ጭን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራ የሌለበት ሰዓት። አዲስ አበባ ውስጥ ትምህርት በፈረቃ በነበረባቸው ሰፈሮች ስድስት ሰዓት ላይ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ይህን በዓይኑ ያይ ነበር። የጠዋቱ ፈረቃ ልጅ እየሮጠ ይመጣል፤ የከሰዓቱ ፈረቃ ወንድሙ በነጠላ ጫማ ቆሞ ይጠብቀዋል። ቦርሳው ይራገፋል፣ ሸራ ጫማው እዚያው አስፋልት ዳር ይወልቃል፣ ታናሹ ገና በታላቁ እግር የሞቀውን ጫማ አጥልቆ ይሮጣል። አንድ ጫማ ለሁለት ተማሪ በቃ። ዝናብ የጣለ ቀን ግን ከሰዓት የሚማረው በእርጥብ ካልሲ ነው የሚውለው።

ክሱን ለመፈተን ተመራማሪዎች የዘየዱት ብልሃት መንታ ነው። ሁለት ቤቶች አስቡ። ሁለቱም ሁለት ልጅ ይበቃናል ብለዋል። አንደኛው ቤት እንዳሰበው ሁለት ወለደ፤ ሌላኛው በሁለተኛው እርግዝና መንታ መጣበትና ሦስት ሆኑ። መንታ የሚመጣው በሀብትም በትምህርትም ተመርጦ አይደለም ብለው ነው የተነሡት። ስለዚህ የሁለቱን ቤቶች የመጀመሪያ ልጆች ብናወዳድር፣ ያልታሰበው ተጨማሪ ልጅ በታላቁ ትምህርት ላይ ምን እንዳደረሰ ከሌላው ነገር ተለይቶ ይታያል።

ሳንድራ ብላክ፣ ፖል ዴቨሩና ሼል ሳልቫነስ ይህን በኖርዌይ ሕዝብ መዝገብ ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2005 ውጤቱን አወጡ። እንደ ወትሮው ሲታይ ብዙ ወንድምና እህት ያለው ልጅ ትምህርቱ ያንሳል። የልጆቹ የውልደት ተራ ሲታሰብበትና በመንታው ዘዴ ሲፈተን ግን የብዛቱ ጉዳት ከምንም አይቆጠርም ሆነ። እስራኤል ውስጥ ጆሹዋ አንግሪስት፣ ቪክቶር ላቪና አናሊያ ሽሎሰር ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው በ2010 ያሳተሙት ጥናትም ብዛቱ የልጆቹን ትምህርት ለመጉዳቱ ማስረጃ አላገኘም። የቤከር ክስ እዚህ ላይ የወደቀ መሰለ።

ሌላ ፍርድ ቤት ግን በብዛቱ ላይ ፈርዷል። ማርክ ሮዘንዝዋይግና ኬነዝ ዎልፒን እ.ኤ.አ. በ1980 በሕንድ መንታዎች ላይ ባወጡት ጥናት ተጨማሪው ልጅ የሌሎቹን ትምህርት ቀንሶት ተገኘ። በቻይና መንታዎች ላይ በ2008 የታተመው ደግሞ ይበልጥ ያስገርማል፤ ጉዳቱ ጎልቶ የታየው የመንግሥት ትምህርት ደካማ በሆነበት በገጠሩ ነው። ሁለቱን ወገኖች አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጥ የሚታየኝ ይህ ነው፤ ኖርዌይ ውስጥ የአምስተኛውን ልጅ መጽሐፍ፣ ሐኪምና አስተማሪ የሚከፍለው መንግሥት ነው። ወጡ ከሌላ ቤት ይመጣል። ሁሉንም የሚከፍለው አባት በሆነበት አገር ግን የልጅ ቁጥር ክፉኛ ይነክሳል። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ደንብ ልብስና ደብተር መስጠት ስትጀምር የተነካው ይኸው ነበር፤ በልጅ ቁጥር ይባዛ የነበረ ወጪ ከእናት መቀነት ወጣ። አምስት ልጅ ላላት ጉሊት ቸርቻሪ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ጳጉሜን ሲመጣ ብትጠይቋት ትነግራችሁ ነበር።

የኖርዌዩ ጥናት ሌላም ነገር አውጥቷል፤ ከዋናው ውጤት ይበልጥ በእኔ አእምሮ የቀረው እሱ ነው። ብዛቱ ባይጎዳም የውልደት ተራ ይጎዳል። እዚያ አገር በኩሩ ይማራል፣ ታናናሾቹ በየተራቸው እያነሱ ይሄዳሉ። ምክንያቱ ብዙ ምስጢር የለውም። በኩር ልጅ ወላጆቹን ለብቻው የያዘበት ዘመን አለው፤ ተረቱም፣ ጥያቄውም፣ ዕቅፉም የእሱ ነው። ቀጥሎም ታናናሾቹን ሲያስጠና ራሱ ያጠናል።

ይህን አንብቤ ስለ እህቴ አሰብኩ። እኛ ቤት የተገላቢጦሽ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገቡት አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛዋ ናቸው።

እኛም ብቻ አይደለንም። ፓትሪክ ኤመርሰንና አንድሬ ፖርቴላ ሱዛ ብራዚል ውስጥ፣ መተ አየርነስና ክላውስ ፖርትነር ፊሊፒንስ ውስጥ ያገኙት ተመሳሳይ ነው፤ ድሃ ቤት ውስጥ በኩሩ ይሠራል፣ የኋለኛው ይማራል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮችም ይኸው በብዛት ይታያል። ሀብታም አገር ውስጥ በኩርነት ቡራኬ ነው፤ ድሃ አገር ውስጥ ዕዳ ነው። ኤሳው ብኩርናውን በምስር ወጥ ሸጠ ብለን ስንገረም ኖረናል፤ የገጠር በኩር ግን ማንም ምስሩን ሳይሰጠው ነው የሚያስረክበው።

ገጠር ቤት እንግባ። ልጁ አምስት ስድስት ዓመት ሲሞላው ከደጃፍ ሳይርቅ ጥጃ ይጠብቃል። ትንሽ ጠንከር ሲል ፍየልና በግ፣ ከዚያ ላምና በሬ። ማሽላ ባለበት አገር እህሉ ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል፤ ወፏ ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለምትመጣ ከትምህርት ቀኑ ሁለቱንም ጫፍ ትበላበታለች። ትምህርት መስከረም ላይ ይከፈታል፤ ምዝገባው ደስ ይላል፣ ክፍሉ ይሞላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳውና ውቂያው ሲመጣ ወንበሩ ይሳሳል። የገበያ ቀን ደግሞ በየሳምንቱ አለ። አስተማሪው ይህን ሁሉ ያውቃል፤ መቅረቱን በቀይ እስክሪብቶ ያስቀምጣል እንጂ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ የወንድም ብዛት መልኩን ይቀይራል። አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ያለው ገበሬ ያንን ልጅ ከከብቱ ማላቀቅ አይችልም። ሁለተኛው አድጎ ዱላውን ሲቀበለው ግን የመጀመሪያው በአሥር በአሥራ አንድ ዓመቱ አንደኛ ክፍል ይገባል፤ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ጉልበቱ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሎት ይማራል። ሦስተኛው ሲደርስ ሁለተኛው ይለቀቃል። የመጨረሻው ልጅ ዱላውን የሚቀበለው ሲያጣ ሁለት ዕጣ አለው፤ ወይ እሱ እረኛ ሆኖ ይቀራል፣ ወይ አባት ከብቱን ቀንሶ ያስተምረዋል። «ልጅ ሲበዛ ትምህርት ይቀንሳል» የሚለው ቀጥተኛ መስመር እዚህ ቤት አይሠራም። አንዳንዱ ልጅ የተማረው ወንድም ስላለው ነው።

ለሴት በኩር ግን ዱላ ማቀበል የሚባል ነገር የለም። ወንድሞቿ ከብት ሲፈራረቁ የእሷን ጀሪካን የሚቀበላት የለም። እናት ስትወልድ ሕፃኑን የምታዝለው እሷ ናት፤ እናት ለቅሶ ስትሄድ ቤቱን የምትይዘው እሷ ናት። የእናት ሥራ በልጅ ቁጥር ሲባዛ ብዜቱ የሚያርፈው የመጀመሪያዋ ሴት ጀርባ ላይ ነው። በዚያው በ2016ቱ ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 48 ከመቶ፣ ከወንዶቹ 28 ከመቶ ምንም ትምህርት አልነበራቸውም። ከነዚያ ሴቶች ስንቶቹ በኩር እንደነበሩ አንዳንዴ አስባለሁ።

የከተማ ጥናት ደግሞ የሚስተው ሌላ ነገር አለ። አዲስ አበቤ ሴት የምትወልደው ከሁለት በታች ነው ስንል ቤቱ ትንሽ ነው ማለታችን አይደለም። ጓዳ ውስጥ የእህት ልጅ አለች፤ ከገጠር የመጣች፣ «እያስተማርኳት ነው» የምትባል። ቀን ትሠራለች፣ ማታ ትማራለች። አንዳንዱ ቤት እንደ ልጅ ያስተምራል፣ ዲግሪ ያስይዛል፤ አንዳንዱ ዘንድ የማታው ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ተረስቶ ይቀራል። ያም ሆነ ይህ ገጠር የተወለዱት ሰባት ልጆች ሰባቱም አንድ ወጥ ላይ አይቀመጡም ማለት ነው፤ አንዷ አጎቷ ቤት፣ አንዱ አክስቱ ጋ ይበተናሉ። ዘመድ ለኖርዌዩ መንግሥት ምትክ ነው፤ እንደ መንግሥት ሁሉን እኩል አያይም እንጂ።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዓረብ አገር መጣ። ቤሩት፣ ሪያድ ወይም ኩዌት በሰው ቤት ከሚሠሩት እህቶቻችን ብዙዎቹ ስምንተኛ ወይም አሥረኛ ክፍል ላይ ያቋረጡ ታላላቅ ናቸው። የሚልኩት ገንዘብ መጀመሪያ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ቀጥሎ ታናሽ ወንድምን ኮሌጅ ያስገባል። በምረቃው ቀን ፎቶው በኢሞ ይላካል። የወንድሙ ዲፕሎማ ላይ የማን ስም መጻፍ ነበረበት ብዬ ብጠይቅ የቤተሰብ ጠብ ስለሚያስነሳ ልተወው።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ቤት ነው፤ ከቤት የመጣ ዕጣ በትምህርት ቤት ይቀየራል ወይ? ለዚህ ጥያቄ ካየኋቸው መልሶች ሁሉ የሚበልጠው የመጣው ከራሳችን ሰዎች ታሪክ ነው። ግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ልትያዝ ቀናት ሲቀሯት፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ የሚበልጡ ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን እስራኤል ገቡ። ዘመቻ ሰሎሞን ይባላል። ከጎንደር ገጠር የመጡት ቤተሰቦች መርካዝ ክሊታ በሚባሉት መቀበያዎች አገሩን ሁሉ አዳርሰው ሰፈሩ። የትኛው ቤተሰብ የት ይስፈር የሚለው በጥድፊያ የተወሰነ ነው፤ ቤተሰቡ አልመረጠም፣ የመደበውም ባለሥልጣን የልጆቹን ጉብዝና አያውቅም። ልጆቹ ባረፉበት አቅራቢያ ያለው ትምህርት ቤት ገቡ። አንዱ ጥሩ ትምህርት ቤት ደረሰው፣ ሌላው ደካማ።

ኤሪክ ጉልድ፣ ቪክቶር ላቪና ዳንኤል ፓሰርማን እነዚያን ልጆች ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2004 ውጤቱን አሳተሙ። አንደኛ ደረጃን ጥሩ ትምህርት ቤት የተማሩት ሁለተኛ ደረጃ ላይ የማቋረጥ ዕድላቸው ያነሰ፣ ባግሩት የሚባለውን የማጠናቀቂያ ፈተና የማለፍ ዕድላቸው የበለጠ ሆነ። የወላጆቻቸው ሁኔታ ያው ነው፤ ብዙ ልጅ ያለበት ቤት፣ ዕብራይስጥ የማያነብ አባት፣ ባዶ እጅ። የተለያየው ትምህርት ቤቱ ነው። በእኔ አስተያየት ስለ «ዕድል» ሲወራ መቅደም ያለበት ይህ ታሪክ ነው፤ በዚያ ጥድፊያ ዕድል ማለት አውቶቡሱ ወዴት ታጠፈ ማለት ነበር።

አገር ቤት ስንመለስ አውቶቡሱ ብዙ አይታጠፍም። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው በ1986 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ እስከ 10ኛ ክፍል ክፍያ ቀረ፤ ትምህርት ቤት ያልነበረበት ቀበሌ ትምህርት ቤት አገኘ። የገቡት ሴቶች ዘግይተው አገቡ፣ ዘግይተው ወለዱ፤ የልጅ ቁጥርና ትምህርት ሲያያዙ ጋሪው ከፈረሱ የሚቀድምበት ጊዜም አለ። መግባት ግን መማር አልሆነም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተሰብስበው ሲፈተኑ ግማሹን ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ናቸው። በቀጣዩ ዓመት 3.2 ከመቶ። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። እዚያ ትምህርት ቤት ለሚማር ልጅ ወንድሙ አንድ ሆነ ስድስት ለውጥ አያመጣም፤ ለፈተናው የሚያደርሰው በር መጀመሪያውኑ አልነበረም። ከተማ ያለው ደግሞ ወይ በየወሩ የግል ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ወይ ማታ አስጠኚ ያስገባል። ሁለቱም የሚከፈሉት በልጅ ቁጥር ነው። አምስት ልጅ ያለው የመንግሥት ሠራተኛ አንዱን መርጦ የግል ሲያስገባ አይቻለሁ፤ «የትኛው ጎበዝ ነው?» ብሎ ራሱ ቤቱ ውስጥ ፈተና ይሰጣል። ያልተመረጡት አራቱ ጠዋት ጠዋት የወንድማቸውን ሰርቪስ አብረውት ይጠብቃሉ።

ባለፈው ፋሲካ እህቴ ቤት ነበርኩ። ቡና እየተፈላ፣ ይህን ምዕራፍ እየጻፍኩ ስለነበር ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ የኔን ካርድ አንቺ ትፈርሚ ነበር። ያንቺን ማን ነበር የሚፈርምልሽ?»

«ማን ይፈርምልኛል? ራሴ ነኛ!» ብላ ሳቀች። ተነሥታ ከአልጋዋ ሥር ሻንጣ ጎተተች። የልጆቿ የክትባት ወረቀቶች ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለሉ ካርዶች ነበሩ፤ ከአንደኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል የአባታችን ስም በሷው እጅ፣ በየዓመቱ እየተቃና የመጣ። ስምንተኛው የመጨረሻው ነው። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤት በሙሉ ተሞልቷል፤ ከ62 ተማሪ 3ኛ። ፊርማው የለም። ከጎኑ ያለው የሁለተኛው መንፈቅ ዓምድ ነጭ ነው።

«ይሄን ለምን አልፈረምሽውም?»

«የካቲት አይደል?» አለችኝ ስኒውን እያቀበለችኝ። ታናሻችን፣ ስድስተኛዋ፣ የተወለደችው በየካቲት ነው።